የበሬዎች መንገድ

ልጄ ሶልቫይ እየሮጠች ነው፤ ዛሬ አራተኛ ቀኗ፣
ከሰሜን ባሕር ዳር ተነሥታ፣ ውሃ ታጥቃ በጎኗ።
ያ መንገድ የበሬ ነበር፤ አያቶቻችን በዱላ
እየነዱ ያወረዱበት፣ ከብቱን ለጀርመን ቢላ።
እሷን ግን ማንም አልነዳት። ደረቷ ላይ ለጥፋለች
አንድ ቃል፦ «ጭድ»። በኪሎሜትር አሥር ክሮነር ትላለች።
«ለማን?» ሲሏት፦ «ወልዳ ተኝታ መዞር ላልቻለች።»

እኔ ነኝ የዚያች ባለቤት፤
ስድስት መቶ እናት አሳማ፣ ስድስት መቶ የብረት ቤት።

የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ትሮልስ በክርኑ ወጋኝ፤
«ልጅህ እኮ የምትሮጠው ባንተው ላይ ነው» አለኝ።
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረኝ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት፣ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም
ከተወች። ፋሲካ የሌለው ጾም! ጾሞ ሲሮጥ ሰው አላውቅም፤
አጃና ባቄላ ይዛ ሌሊቱን ስትቆርጠው ሳይ ግን፣
ከእኔ ገበታ የጎደለው ጉልበት ነው፣ ወይስ ዐይን?

የሰጪዎቹን ስም በስልኬ አነባለሁ ተደብቄ፦
የቫይሌ ጥርስ ሐኪም፣ የመዋኛ ቤት አሮጊቶች፤
አንዱ፣ አንድ ክሮነር ከስድብ ጋር፤ ማን መሆኑን አውቄ
ስልኩን ዘጋሁ።
የእኔ ስም የለበትም።

ማክሰኞ የጫንሁት መኪና በአጠገቧ አልፎ ነበረ፤
በሽንቁሩ አንድ አፍንጫ ወጥቶ ነፋስ እያሸተተ ቀረ።
ሾፌሩ ነው የነገረኝ፦ «ቆማ አላለቀሰችም፤
አብራን ሮጠች፣ እስከ መብራቱ። ከዚያ ወዲያ አልቻለችም።»

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
በረት ወረድሁ፤ ለቆጠራ የገባሁ መሰለኝ።
አንዱ ብረት ቤት ባዶ ነበር። ባትሪዬን ውጭ ትቼ
ገባሁ። ለምን እንደሆን አትጠይቁኝ። በሩን ዘጋሁት ጎትቼ።
ልዙር አልሁ። ቀበቶዬ ያዘኝ።
እንደገና። ብረቱ ትከሻዬን ነካኝ፤ ቀዘቀዘኝ።
ሠላሳ አራት ዓመት ሸጬ፣ ሠላሳ አራት ዓመት መዝኜ፣
መዞርን መመዘን ረስቼ ኖሬአለሁ፣ ገበሬ ሆኜ።
ከጎኔ አራት መቶ ዐሥራ ሰባት ተኝታለች፤
ዐሥራ አራት አፍ ጡቷ ላይ። በአንድ ዐይኗ አየችኝ፤ ጨፈነች።

ሲነጋ ድንች ቀቀልሁ። እጄ ለምዶበት ወደ ቅቤው ሄደ።
መለስሁት። ስንቱን ለቄራ የጫነ እጅ፣ ከቅቤ ቢላ ፊት ራደ።

ዬሊንግን አለፍ ብሎ፣ ዝናብ በተኛበት ሜዳ፣
መጣች እያነከሰች፤ አንድ እግሯ እንደ ባዳ።
ሳህኑን አየች። እኔን አየች። «ቅቤ የለውም?»
«የለውም» አልሁ። ለጊዜው ሌላ አልተናገርንም።
ቆማ በላች። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ለጉዞ።
ጭኗን ስትደልቅ አየሁ፣ ጡንቻው እንደ ገመድ ተጠማዞ።
«አንድ እስር ጭድ አሁን ስንት ነው?» አለች። ዋጋውን ነገርኋት።
ስድስት መቶ ጊዜ አባዛችው፤ መንገዱ አጠራት።

ተመለስሁ። ማታ የአራት መቶ ዐሥራ ሰባትን በር
ከፈትሁት። ጭድ ጎዘጎዝሁላት፣ ለፈረሱ ያኖርሁት የነበር።
ቆምሁ። ጠበቅሁ። አልወጣችም።
ብረት ለለመደ ጎን፣ ሜዳ ቶሎ አይገባውም።
ኋላ፣ እኩለ ሌሊት ይሆናል፣ አንድ እግሯን አነሣች፤
አፍንጫዋን ጭዱ ውስጥ ሰደደች፤ በረጅሙ ተነፈሰች።
አልዞረችም ገና።
ስልኬ ላይ ሶልቫይ፣ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ፣ በጨለማው ጎዳና
ወደ ደቡብ ትንፏቀቃለች።
ባልዲ ደፍቼ ተቀምጫለሁ።
ነገ ትሮልስ ይስቃል። ይሳቅና።